የቲቢ ባክቴሪያ መድኃኒትን የሚላመድባቸው የዘረመል ለውጦች፦ ከኢትዮጵያ ማስረጃ ጋር

የቲቢ ባክቴሪያ መድኃኒትን የሚላመደው በራሱ ክሮሞሶም ላይ በአጋጣሚ በሚደርስ የዘረመል ለውጥ (ሚውቴሽን) ነው። ከሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎች በተለየ የመቋቋሚያ ጂን ከሌላ ባክቴሪያ አይቀበልም። ሙሉ ቅደም ተከተሉ እ.ኤ.አ. በ1998 የታወቀው ጂኖሙ 4.4 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት፤ ባክቴሪያው በተባዛ ቁጥር ከእነዚህ አንዱ ተሳስቶ ሊገለበጥ ይችላል። መድኃኒቱ ለውጡን አይፈጥረውም፤ ለውጡ የሌላቸውን ገድሎ ያለውን ያስቀራል።

አይሶናያዚድን የሚቋቋም ባክቴሪያ በግምት ከአንድ ሚሊዮን አንድ፣ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ደግሞ ከ100 ሚሊዮን አንድ ይገኛል። በቲቢ በተቦረቦረ ሳንባ ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ሊኖር ስለሚችል፣ በአንድ መድኃኒት ብቻ ማከም የሚቋቋሙትን መርጦ ማራባት ይሆናል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ባክቴሪያ በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ ግን ከ100 ትሪሊዮን አንድ ነው። መድኃኒቶች ተጣምረው የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ሪፋምፒሲን የባክቴሪያውን አርኤንኤ ፖሊመሬዝ የተባለ ኢንዛይም ይዞ ሥራውን ያቆማል። ከሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለውጡ ያለባቸው አርፒኦቢ በተባለው ጂን ውስጥ 81 ፊደላት ብቻ ባሉት ክፍል ነው። ዋነኛው ለውጥ ኮዶን በሚባለው የሦስት ፊደላት ቡድን፣ በኮዶን 450 (በቀድሞው አቆጣጠር 531) ላይ ቲሲጂ ወደ ቲቲጂ መቀየሩ ነው። በአንድ ፊደል ለውጥ ሴሪን የተባለው አሚኖ አሲድ በሉሲን ይተካል፤ መድኃኒቱም መያዣ ቦታውን ያጣል።

አይሶናያዚድ በበኩሉ ሥራ የሚጀምረው ካትጂ የተባለው ጂን የሚያመነጨው ኢንዛይም ሲያነቃው ነው። በኮዶን 315 ሴሪን በትሪዮኒን ሲተካ ኢንዛይሙ መድኃኒቱን ማንቃት ይሳነዋል፤ ባክቴሪያውን ከኦክሲጅን ጉዳት የመጠበቅ ሥራውን ግን በአብዛኛው ይቀጥላል። በኢንኤችኤ ጂን መቀስቀሻ ላይ የሚደርሰው ለውጥ መጠነኛ መቋቋምን ያስከትላል፤ ኢቲዮናማይድ የተባለውን መድኃኒትም አብሮ ያዳክማል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ አይሶናያዚድንና ሪፋምፒሲንን አብሮ የተላመደ ቲቢ ከአዲስ ታካሚዎች በ2.3 በመቶ፣ ቀድሞ ከታከሙት ደግሞ በ17.8 በመቶ ተገኝቷል። ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ታካሚዎች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ከላይ የተጠቀሱት የካትጂ 315 እና የአርፒኦቢ 450 ለውጦች ብልጫውን እንደሚይዙ አሳይቷል። የዚህ ዓይነት ቲቢ ሕክምና በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2009፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ደግሞ በ2010 ተጀምሯል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የተቀበለው ጂን ኤክስፐርት የአክታን ናሙና በሁለት ሰዓት ገደማ መርምሮ የ81ዱን ፊደላት ክፍል ያነባል። የሚያየው ግን ያንኑ ብቻ ነው። በኤስዋቲኒ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተሰበሰቡ ብዙ መድኃኒቶችን የተላመዱ ናሙናዎች 30 በመቶ ያህሉ ለውጣቸው ከዚያ ክፍል ውጭ፣ በኮዶን 491 ስለነበረ ከመሣሪያው ዕይታ አምልጠዋል። አይሶናያዚድን ብቻ የተላመደ ቲቢም በዚህ ምርመራ አይታወቅም፤ እንደ ላይን ፕሮብ ያለ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል።

አዳዲስ መድኃኒቶችም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። አርቪ0678 የተባለው ጂን ሲበላሽ ባክቴሪያው መድኃኒትን የሚያስወጣበት ፓምፕ ይበረታል፤ ቤዳኩሊንና ክሎፋዚሚን አብረው ይደክማሉ። ስለዚህ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የተሟላ የመድኃኒት መላመድ ምርመራ ማድረግ፣ ትክክለኛውን ጥምረት መስጠትና ታካሚው ሳያቋርጥ እንዲጨርስ መደገፍ በሽተኛውን ከማዳን አልፎ የመድኃኒቶቹንም ዕድሜ ያራዝማል።