የታላቅ ስም ታናሽ ወንድም በጣና ዳር

ጳጉሜን 5 ቀን 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 2013)፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በካሊፎርኒያ ከሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤቱ ሁለት አዳዲስ ስልኮችን በአንድ ጊዜ ለዓለም አስተዋወቀ። አንደኛው አይፎን 5ኤስ፣ ሁለተኛው አይፎን 5ሲ ተባለ። ታላቁ የአሉሚኒየም ገላ ያለው፣ በጣት አሻራ የሚከፈትና ኤ7 የተሰኘውን አዲስ ፕሮሰሰር የያዘ ነበር። ታናሹ በአምስት ደማቅ ቀለሞች የቀረበ የፕላስቲክ ቅርፊት የለበሰ ሲሆን፣ ውስጡ ከሞላ ጎደል ያለፈው ዓመት አይፎን 5 ነው። ዋጋቸውም ከአገልግሎት ውል ነጻ ሆኖ ለታላቁ 649፣ ለታናሹ 549 የአሜሪካ ዶላር ተቆረጠ።

ሁለቱ ስልኮች ለሽያጭ በቀረቡ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በድምሩ 9 ሚሊዮን ተሸጡ። ድርሻው ግን ኩባንያው እንዳሰበው አልተከፈለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 የሩብ ዓመቱ ሒሳብ ሲገለጽ፣ የኩባንያው የበላይ ሥራ አስኪያጅ ቲም ኩክ የ5ሲ ተፈላጊነት ከተጠበቀው የተለየ ሆኖ መገኘቱንና ገዢው ወደ 5ኤስ ማዘንበሉን ተናገሩ። ነገሩ ለኩባንያው ራሱ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 የመጀመሪያው አይፎን ለገበያ ሲወጣ በሁለት ዓይነት ቀርቦ ነበር፤ ባለ 4 ጊጋባይቱ 499 ዶላር፣ ባለ 8ቱ 599 ዶላር። አብዛኛው ገዢ ባለ 8ቱን ስለ መረጠ ርካሹ ከሁለት ወር ብዙም ሳያልፍ ከገበያ ተነሣ። እንግዲህ የመጀመሪያው «ርካሽ አይፎን» አንድ ክረምት እንኳ ሙሉ አልቆየም ማለት ነው።

በምህንድስና ዐይን ሲመረመር 5ሲ የሚናቅ ዕቃ አልነበረም። ቅርፊቱ ከአንድ ወጥ ፖሊካርቦኔት የተቀረጸ፣ ከውስጥም የብረት ድጋፍ ያለው ጠንካራ ሥራ ነው። ጉድለቱ ያለው ቁጠባው በተደረገበት ቦታ ላይ ነው። ወጪው የተቀነሰው ዐይን ከሚያየውና እጅ ከሚዳስሰው ክፍል በመሆኑ፣ ስልኩ ከኪስ በወጣ ቁጥር ባለቤቱ ታላቁን ለመግዛት እንዳልቻለ ያሳብቅበት ነበር።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት የጣና ዳር ነጋዴ ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከአያቶቹ ገበያ ያገኘዋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት፣ የዘጌ ቡና በታንኳ ሐይቁን ተሻግሮ ሲጓዝ፣ በጣና ምሥራቃዊ ወገን በሚገኙት በቆራጣና በይፋግ ገበያዎች ትልቁ የመገበያያ ገንዘብ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ለጥቃቅኑ ግብይት አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም፣ ብሩ ከዚያ ወዲህም ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመታ ኖረ፤ ዘመኑ ቢለወጥ ተቀባይ እንደማያገኝ መቺዎቹ ያውቁ ነበርና። ተቀባዩም ብሩን ከመያዙ በፊት በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎችና በትከሻዋ ላይ ያለውን የልብስ ማያያዣ ጌጥ አንድ በአንድ ይመለከት ነበር። ምልክቱ የደበዘዘ ብር ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ሳይቀር ይህን ተረድቶ፣ ለስንቅና ለመጓጓዣ የሚከፍለው ጠገራ ብር በቪየና እንዲመታለት አዝዞ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት ብር እ.ኤ.አ. በ1894 ሲወጣ በክብደቱም ሆነ በንጹሕ ብር ይዘቱ ከጠገራው የማያንስ ነበር። ሁለቱም 28 ግራም ያህል ይመዝናሉ። ይሁን እንጂ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ የተቀረጸበት አዲሱ ብር ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። ጠገራው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የገንዘብ አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ቦታውን ይዞ ቆየ። ምሳሌው ከስልኩ ጋር በሁሉም ረገድ አይገጥምም፤ የምኒልክ ብር ርካሽ አልነበረምና። የሚገጥመው በአንድ ነገር ነው። ገበሬውና ነጋዴው የሚጠይቁት «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ብቻ ሳይሆን «ነገ ከእኔ ማን ይቀበለኛል?» ብለው ነበር።

በባሕር ዳር የስልክ መደብሮች የሚጠየቀውም ይኸው ነው። የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተጀመረ ወዲህ፣ በኢትዮጵያ የስልኩ ቀፎና የአገልግሎቱ መስመር በአብዛኛው ተለያይተው ሲሸጡ ኖረዋል። በአሜሪካ የ5ሲ ገዢ የሁለት ዓመት ውል ፈርሞ 99 ዶላር፣ የ5ኤስ ገዢ 199 ዶላር ከፍሎ ይሄድ ነበር። የባሕር ዳር ገዢ ግን ሙሉውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ይቆጥራል። በዚያን ጊዜ 1 ዶላር ወደ 19 ብር ይመነዘር ስለ ነበር፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከል ታናሹ ከ10,000 ብር፣ ታላቁ ከ12,000 ብር ይበልጣል። ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ቀን ለሚያወጣ ሰው ስልኩ የመነጋገሪያ መሣሪያ ብቻ አይሆንም፤ የተቀመጠ ገንዘብም ነው። የቤት ኪራይ ሲደርስ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ሰው ሲታመም ወደ ብር የሚመለስ ዕቃ ነው።

አፕል በኢትዮጵያ የራሱ መደብር ስለሌለው አይፎን ወደ ጣና ዳር የሚደርሰው በነጋዴ እጅ ከዱባይ፣ ወይም ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። አብዛኛው ያገለገለ ነው። ገዢውም የማርያ ቴሬዛን ብር እንደሚመረምር ሰው ያገላብጠዋል፤ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ ያያል፣ የቀድሞው ባለቤት መለያ ተፍቶ እንደሆነ ይጠይቃል፣ መስተዋቱ ተቀይሮ እንደሆነ በጥፍሩ ይዳስሳል። በዚህ ገበያ ውስጥ አዲሱ ርካሽ አይፎን የሚፎካከረው ከሌላ ኩባንያ ርካሽ ስልክ ጋር አይደለም። ተፎካካሪው የገዛ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት አገልግሎ፣ በዚያው ዋጋ፣ ከነሙሉ ክብሩ አጠገቡ ተቀምጧል።

የገዢው ጥርጣሬ ትክክል መሆኑን ጊዜ አረጋገጠለት። በ5ኤስ ውስጥ ያለው ኤ7 በስማርት ስልክ ላይ የመጀመሪያው ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ነበር፤ የ5ሲው ኤ6 ግን ባለ 32 ቢት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 አፕል 11ኛውን የአይፎን ሶፍትዌር ሲያወጣ 32 ቢቱን ጨርሶ ተወው። በአንድ ቀን፣ በአንድ መድረክ የተዋወቁት ሁለት ወንድማማቾች በዚህ ተለያዩ። 5ሲ በ10ኛው ሶፍትዌር ላይ ሲቀር፣ 5ኤስ እስከ 12ኛው ተጓዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ እንኳ የደኅንነት ማሻሻያ ደርሶታል። በ100 ዶላር ልዩነት የተገዛው የጣት አሻራና የአሉሚኒየም ገላ ብቻ አልነበረም፤ የስልኩ ዕድሜም ነበር። ይህ በማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም።

ሌሎቹ ምክንያቶች የአገሩ ናቸው። 5ሲ በብዙ የ4ጂ ሞገዶች እንዲሠራ ተደርጎ ቢወጣም፣ በኢትዮጵያ 4ጂ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያውም በአዲስ አበባ ነበር። ስለዚህ የጣና ዳር ገዢ ገና ላልመጣ መረብ ይከፍል ነበር ማለት ነው። ባትሪው 1,510 ሚሊ አምፒር ሰዓት ብቻ ይይዛል። ከጢስ ዓባይ ማመንጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 460 ሜጋ ዋት ያለው ጣና በለስም በአቅራቢያዋ እያለ፣ መብራት በሚጠፋባት ከተማ ውስጥ ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ መገጣጠሚያ የከፈተው የቴክኖ ሠሪ ኩባንያ ይህን ቀድሞ አይቶት ነበር፤ ሁለት ሲም፣ የአማርኛ ፊደልና ትልቅ ባትሪ አድርጎ በርካሽ አቀረበ። ቴክኖ የታላቅነት ስም አልነበረውምና ርካሽ በመሆኑ ያጎደለው ቃል አልነበረም።

ታላቅ ስም ያለው ሁሉ ርካሽ ሲሠራ ይወድቃል ማለት ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 ከ200 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ኖኪያ በኢትዮጵያ ገጠርና ከተማ የታወቀው በጥንካሬው ነበር። 1100 ካሜራና ባለቀለም መስተዋት ባይኖረውም አቧራ የማያስገባ የቁልፍ ሽፋንና የባትሪ መብራት ነበረው። የተቀነሰው ሌላው ነገር እንጂ ስሙ የሚያስጠራው ነገር አልነበረም። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 አይፎን ኤክስአርን ሲያወጣ ቁጠባውን በመስተዋቱ ዓይነትና በካሜራው ቁጥር ላይ አድርጎ፣ ፕሮሰሰሩን ግን ከውዱ ሞዴል ጋር አንድ አደረገው። ኤክስአር በ2019 በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት ስልኮች የመጀመሪያውን ደረጃ ያዘ።

ትምህርቱ ግን የቆየ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በ429 ዶላር የወጣው ሦስተኛው አይፎን ኤስኢ ጠንካራ ፕሮሰሰር ቢኖረውም ገላው ከአምስት ዓመት በፊት የወጣው የአይፎን 8 ነበር። በወሩ መጨረሻ የጃፓኑ ኒኬይ ጋዜጣ፣ ተፈላጊነቱ ስለ ደከመ ምርቱ ወደ 20 በመቶ ሊቀነስ መሆኑን ዘገበ። የስልኩ ዋና አዲስ ነገር 5ጂ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን ለሙከራ የጀመረው በዚያው ዓመት ግንቦት በአዲስ አበባ ስለ ሆነ፣ የጣና ዳር ገዢ ለሁለተኛ ጊዜ ገና ላልደረሰው መረብ እንዲከፍል ተጠየቀ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራውን በይፋ ሲጀምር ደግሞ ሁለት የሲም ማስገቢያ ያለው ስልክ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ፤ ኤስኢ ያለው አንድ ማስገቢያ ብቻ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት ተፈላጊ ስልክ የገዛ ሰው ገንዘቡን በብር አስቀምጦ ከነበረው ጎረቤቱ ይልቅ የተሻለ ይዞ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 አፕል የኤስኢን ስም አስቀርቶ አይፎን 16ኢን በ599 ዶላር አወጣ። ይህ በዚያን ጊዜው የባንክ ምንዛሪ ከ75,000 ብር ይበልጣል። ፕሮሰሰሩ አዲስ፣ ባትሪውም ከቀደሙት ርካሾች ሁሉ የላቀ ነው። በባሕር ዳር መደብር ውስጥ ከአንድ ያገለገለ 14 ፕሮ ጋር ጎን ለጎን ሲቀርብለት ግን፣ ገዢው ገና ሳያበራቸው ሁለቱንም ገልብጦ በጀርባቸው ያለውን ካሜራ ይቆጥራል፤ በአንዱ ሦስት፣ በሌላው አንድ።