በሽታ የተጠሩ

ወጥመዱ አፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን የተቀበረ ብርጭቆ ነው፤ ነፍሳቱን ወደ እርሱ የሚስበው ሽታ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ጥንብ በል ነፍሳትን ሲያጠና ማባበያው ያው ጥንብ ነበር። ከወጥመዱ ጋር ተጣብቆ የቀረው ግን የአሜሪካዊው የኸርበርት ባርበር ስም ነው፤ በ1931 የዋሻ ነፍሳት ስለሚያዙበት ወጥመድ ጽፏልና።

እስቲ ዋሻውን እናስበው። ብርሃን አይገባበትም፤ ምግብ የሚገኘው ጎርፍ ካመጣው ቅጠልና ከሌሊት ወፍ ኩስ ነው። በዚያ ከሚኖሩት ጥንዚዛዎች ብዙዎቹ ዓይን የላቸውም። ፋኖስ ይዞ የሚፈልጋቸው አንዱን ሲያገኝ ሌላውን ያጣል። ሽታ ግን በጨለማም ይጓዛል። (ይኸው ባርበር በሌሊት ስለሚያበሩ ጥንዚዛዎችም አጥንቷል፤ ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1951 ነበር። ጨለማን የወደደ ሰው ይመስለኛል።)

የባንክ ሠራተኛ ነኝና ቁጥር ሳይ ከየት መጣ ማለት ልማዴ ነው። ሽታ የሌለው ወጥመድ መንገደኛውን ይይዛል፤ ሽታ ያለው የተራበውን ይጠራል። ሥጋ ያኖረ ሥጋ በሉን፣ ፋንድያ ያኖረ የፋንድያውን ጥንዚዛ ይቆጥራል። ከምን ያህል ርቀት እንደመጡ ብርጭቆው አይናገርም። ደን ሲመነጠር ነፍሳቱ አለቁ ወይስ ተረፉ የሚለው ፍርድ ግን የሚቆመው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ቆጣሪ ማባበያ ካለው ብርጭቆ ራቅ አድርጎ ማባበያ የሌለውንም ይቀብራል፤ በማግስቱም ሁለቱን ለየብቻ ይመዘግባል።