ሰንበትና አውቶሞቢል

በኢሉባቦር፥ በመቱና በበደሌ መካከል፥ በቡና ዱር የተከበበች ያዮ የምትባል ከተማ አለች። የመኪናው መንገድ በእርሷ ስለሚያልፍ፥ በእሑድ ጧት የቅዳሴው ደወልና የመኪናው ጥሩምባ ባንድነት ቢሰሙ ዛሬ የሚደነቅ የለም። ነገር ግን አውቶሞቢል ለዓለም እንግዳ በነበረበት ዘመን፥ በሰንበት መንዳት ይገባልን ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ በውጭ አገር ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሓውን አቋርጦ፥ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አገባ። በዚያው ዓመት በካናዳ፥ ፕሪንስ ኤድዋርድ በምትባል ደሴት፥ የገበሬውን ፈረስ ያስደነብራል ተብሎ አውቶሞቢል ፈጽሞ እንዳይነዳ በሕግ ተከለከለ። በ1905 ዓ.ም. ሕጉ ሲላላ ሰኞ፥ ረቡዕና ሐሙስ ብቻ ተፈቀዱ፤ እሑድ ግን እንደ ተከለከለች ቀረች። በእንግሊዝና በአሜሪካም ብዙ ካህናት፥ ሰው ጸሎቱን ትቶ ለሽርሽር ይሄዳል፥ አቧራውና ጩኸቱም ምእመናንን ያውካል እያሉ ይወቅሱ ነበር።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህን ነገር ቢመረምሩ መጽሐፍ አያጡም። መጽሐፈ ኩፋሌ በመጨረሻው ምዕራፍ በሰንበት መንገድ መሄድን፥ እሳት ማንደድን፥ በእንስሳ መቀመጥንና በመርከብ መጓዝን ይከለክላል። ይህ የተነገረው ስለ ቀዳሚት ሰንበት ነው፤ በኢትዮጵያ ግን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ በ1442 ዓ.ም. ገደማ፥ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወስኗል። አውቶሞቢልም በሆዱ እሳት ያነዳል፥ እንደ በቅሎ ያስቀምጣል፥ እንደ መርከብ ያጓጉዛል፤ በፊደሉ ብቻ ቢፈረድበት በሦስቱም ይያዛል።

ይሁን እንጂ ምስጢሩን ከፊደሉ መለየት ይገባል። ኦሪት ዕረፍትን ለጌታው ብቻ አልሰጠችም፤ ለአገልጋዩ፥ ለመጻተኛው፥ ለበሬውና ለአህያው ጭምር ሰጠች እንጂ። በቅሎ ትደክማለች፤ ብረት ግን አይደክምም፤ የሚደክመው መሪውን የያዘው ሰው ነው። በጉድጓድ የወደቀውን በግ በሰንበት ማውጣት የተፈቀደ ከሆነ፥ ከያዮ ወደ መቱ ሐኪም ቤት በሽተኛ ይዞ የሚፈጥን ሾፌር ሰንበትን ሻረ አይባልም። ጌታው ሲያስቀድስ፥ ሾፌሩ ግን ሰባቱን ቀን ሙሉ ያለ ዕረፍት መሪ ይዞ ቢኖር፥ በዚያ ሰንበት በእውነት ተሽራለች።

እንግዲህ የቀድሞዎቹ ተቃዋሚዎች የተሳሳቱት መንኰራኵሩን በመክሰሳቸው ነው፤ ለሰው ዕረፍት በመሥጋታቸው ግን አልተሳሳቱም።