ከሁሩሙ እስከ እምኩሉ፤ የአንድ የሕፃናት መማሪያ መጽሐፍ ታሪክ

ሕፃን ልጅ ፊደል ቆጥሮ ካበቃ በኋላ በመጀመሪያ የሚያነበው መጽሐፍ ምን ዓይነት መሆን ይገባዋል የሚለው ጥያቄ፣ ብዙውን ጊዜ የመምህራንና የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ይሁንና ጥያቄው የባህልም ጥያቄ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነው ታሪክ የሚነሳው ከኢሉባቦር ምድር፣ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከሁሩሙ ነው፤ የሚፈጸመው ግን እጅግ ርቆ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገደማ በሁሩሙ አካባቢ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። ሂካ በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው፤ አማርኛም ገመድን፣ ሕልምንና ቃልን ሁሉ «ፈታ» በሚል አንድ ግሥ እንደሚገልጽ የታወቀ ነው። ሂካ ገና ልጅ ሳለ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ። ከገበያ ገበያ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ እዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 በቬርነር ሙንዚንገር አማካይነት ነፃ ወጣ። በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። በታሪክ የሚታወቁትም ኦኔሲሞስ ነሲብ በሚለው ስማቸው ነው።

ኦኔሲሞስ ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን አገር በመምህርነት ሠልጥነው ሲመለሱ ዓላማቸው ወደ ተወለዱበት አገር ገብቶ ማስተማር ነበር። ጉዞው በሱዳን በኩልም በሸዋ በኩልም ተሞክሮ ሳይሳካ ቀረ። ምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ ተቀምጠው በኦሮምኛ መጻፍ ሲጀምሩ ደግሞ ሌላ እንቅፋት ገጠማቸው። እንቅፋቱ የገዛ ቋንቋቸው ነበር። በልጅነቱ ከእናቱ ጓዳ የተነጠቀ ሰው ይዞት የሚሄደው ቋንቋ የልጅ ቋንቋ ነው፤ ለሸንጎ፣ ለእርሻ፣ ለለቅሶና ለሙግት የሚሆነው ቃል ገና ጆሮው አልገባም። ባርነት ከሰው የሚቀማው ጉልበትን ብቻ አለመሆኑን ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

የጎደለውን የሞላችው አንዲት ወጣት ናት። አስቴር ጋኖ የሊሙ እናርያ ተወላጅ ስትሆን፣ እርሷም በባርነት ተይዛ ወደ ዐረብ ምድር በጀልባ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ደርሰው ነፃ አወጧት፤ ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤትም ገባች። አስቴር ከአገሯ የወጣችው አፏን በቋንቋው ከፈታች፣ ተረቱንና ዘፈኑን ከጠገበች በኋላ ነበር። ኦኔሲሞስ ይህን ችሎታዋን ፈጥነው ተገነዘቡ፤ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታሰናዳም ሥራ ሰጧት። ከቃላቱም ሌላ አስቴር በቃሏ የያዘችውን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን፣ በጠቅላላው 500 ያህል፣ በጽሑፍ አሰፈረች። ምንም የተጻፈ ነገር ሊዋስ በማይቻልበት ቦታ፣ ከአገሯ በተነጠቀች ወጣት ትዝታ ብቻ የተሰበሰበ መዝገብ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ከዚህ ስብስብ ብዙው እ.ኤ.አ. በ1894 በእምኩሉ በታተመው «ጀልቀባ በርሲሳ» በተባለው መጽሐፍ ገባ። ትርጉሙ የትምህርት መጀመሪያ ማለት ነው፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሁለቱን ስም ይበልጥ አስጠርቶታል። ለሕፃናት ንባብ ታሪክ ግን ይህ የጀማሪዎች መጽሐፍ የሚሰጠው ትምህርት ይበልጣል። አዘጋጆቹ የሚሲዮን ሰዎች ነበሩና ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ስብከት ቢሞሉት ማንም ባልተደነቀ። እነርሱ ግን ለጀማሪ አንባቢ የመረጡት አያት ለልጅ ልጅ ምድጃ ዳር የምታወጋውን ነው።

የምርጫውን ብልህነት ለመረዳት እንቆቅልሽን ብቻ መመልከት ይበቃል። በኦሮምኛ ሂቦ ይባላል። እንቆቅልሽ አጭር ነው፤ ጀማሪ አንባቢ ሳይደክመው ይጨርሰዋል። መልሱን የመፈለግ ጉጉት ዓይንን ወደ መጨረሻው ቃል ይጎትታል። ልጁ ከዚህ ቀደም በጆሮው የሰማውን ወረቀት ላይ ሲያገኘው፣ ያ ሁሉ ጭረትና ነጥብ የሰው ድምፅ መሆኑ ይገለጥለታል። ንባብ የሚጀምረው ከዚያች ቅጽበት ነው።

በዚያው ዘመን በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል የቤተ ክህነት ተማሪ ፊደል ቆጥሮ ሲጨርስ የዮሐንስን መልእክት፣ ቀጥሎም ዳዊትን ይዘልቅ ነበር። ይህ ሥርዓት የማስታወስ ኃይልንና የንባብን ጥራት በማስተማር ረገድ የሚናቅ አይደለም። ልጁ ግን የሚያነበው ግዕዝ ነው፤ ትርጉሙ የሚገባው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ያውም ትምህርቱን ከገፋ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ከተስፋፉ በኋላ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በአማርኛ ግጥም የተዋቡ ተረቶችን ይዞ ሲመጣ ለብዙ ተማሪዎች ትልቅ እፎይታ ሆነ። ነገር ግን የመቱና የጎሬ፣ የያዮና የበደሌ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሕፃን ክፍል ሲገባ የሚጠብቀው ድርብ ሥራ ነበር፤ ፊደሉንም ቋንቋውንም በአንድ ጊዜ መማር።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጀመሪያ በ5፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ኦሮምኛ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ ፊደሉም ለሁሉም የግዕዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ ቁቤ በሚባለው፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ።

የፊደሉ ለውጥ ብዙ ክርክር ያስነሣ ቢሆንም ለሕፃን አንባቢ የሚነካው ነገር ግልጽ ነው። በኦሮምኛ «በዳ» የሚለው ቃል «ዳ» ሲላላ ክፉ ማለት ሲሆን፣ ሲጠብቅ ደጋ ማለት ነው። በተለመደው የግዕዝ አጻጻፍ ሁለቱ አይለዩም፤ በቁቤ ይለያሉ። የአማርኛ አንባቢ «አለ» የሚለው ቃል መናገርን ይሁን መኖርን እንደሚያመለክት ከዐረፍተ ነገሩ ይለያል፤ ይህ ግን የለመደ አንባቢ ሥራ ነው። በሌላ ወገን ለውጡ ያስከፈለው ዋጋም አለ። የሁሩሙ ተወላጅ ያዘጋጀውን መጽሐፍ የዛሬው የሁሩሙ ሕፃን በመጀመሪያው መልኩ ቢያገኘው ሊያነበው አይችልም፤ ቃሉ የአያቱ፣ ፊደሉ የማያውቀው ነው።

በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማሩም ብቻውን አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ2010 በበርካታ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ በገዛ ቋንቋቸው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የክፍሉ መጨናነቅ፣ የመምህሩ ሥልጠና፣ የቤቱ ችግር። ነገር ግን ከመማሪያ መጽሐፉ በስተቀር በደስታ የሚገለጥ ሌላ መጽሐፍ የሌለበት ልጅ በምን ይለማመድ?

ሥዕልን በሚመለከት ጉዳዩ ከኢትዮጵያ ውጭም ረጅም ታሪክ አለው። የሞራቪያው መምህር ኮሜኒየስ እ.ኤ.አ. በ1658 በኑረምበርግ ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን በሥዕል፣ ስሙን በአጠገቡ አስቀመጡ። ልጅ አስቀድሞ ይመለከታል፣ ያውቀዋል፣ ከዚያ ስሙን ያነባል። እንግዲህ ሥዕሉ ልጁ የሚያውቀውን ነገር ካላሳየ ዘዴው ይገለበጣል። የኢሉባቦር ልጅ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል፣ በዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ፣ ጫካ ውስጥ የበቀለ ቡና፣ ለወራት የማያባራ ዝናብ አይቷል። በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሕፃን የተሳለበትን መጽሐፍ የሰጠው መምህር ከንባቡ በፊት በረዶን ማስረዳት ይኖርበታል። ይህ ማለት ሩቅ አገር በልጆች መጽሐፍ አይግባ ማለት አይደለም፤ ሁለተኛው ወይም አሥረኛው መጽሐፍ ሊሆን ይችላል።

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ባለማግኘታቸው፣ ከሕዝብ ተረት የተወሰደውን የሞኙን ማሞ ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በቀለም ሥዕል አስጊጠው አሳተሙ። በኋላም አዲስ አበባ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተው፣ በአዋሳ ደግሞ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች አደረሱ። እርሳቸውም እንደ አስቴር ከአገር ርቀው፣ ባዶውን መደርደሪያ ባዩ ጊዜ የጨበጡት ተረትን ነው።

ኦኔሲሞስና አስቴር እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ገብተው በነቀምት ማስተማር ጀመሩ። ኦኔሲሞስ በ1931፣ አስቴር በ1964 አረፉ። የአስቴር ተረቶችና እንቆቅልሾች በቁቤ ተገልብጠው፣ የመቱንና የሁሩሙን ደን፣ ቤትና ሰው በሚያውቅ ሠዓሊ ተሥለው ለ1ኛ ክፍል ቢቀርቡ፣ የሚያስፈልገው አንድ ጽሑፍ ገልባጭ፣ አንድ ሠዓሊና እያንዳንዱን ገጽ ለልጆች ጮክ ብሎ አንብቦ የትኛው ላይ እንደሳቁ የሚመዘግብ አንድ መምህር ነው።