ቶ-ኪክ፦ የእግር ማስገቢያ

በደንብ የተሠራ የወጥ ቤት ካቢኔት ፊት ስትቆሙ ሆዳችሁ የግራናይቱን ጠርዝ ይነካል፤ የጫማችሁ ጫፍ ግን በሩን አይገጨውም። ከበሩ ሥር ወደ ውስጥ የገባ ክፍተት ስላለ እግር እዚያ ይገባል። ክፍተቱ በእንግሊዝኛ ቶ-ኪክ ይባላል። ወጥ ቤት ውስጥ «ኪክ» ሲባል ለኛ ሰው የሚታየው የአተር ክክ ወጥ ስለሆነ «የእግር ማስገቢያ» ብለነዋል።

ከዞኮሎ ጋር እንዳይምታታ። ዞኮሎ የታችኛውን ጥግ የሚሸፍነው ስስ ጣውላ ወይም ሴራሚክ ነው፤ የእግር ማስገቢያ ግን ከዞኮሎው ፊት የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው። ዞኮሎው ከበሩ ጋር እኩል ከተለጠፈ ካቢኔቱ ዞኮሎ አለው፣ እግር ግን አያስገባም። ከአናጢ ጋር ስትዋዋሉ የክፍተቱን ከፍታና ጥልቀት በልክ አስጽፉ፦ ከወለል ወደ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከበሩ ወደ ውስጥ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ክፍተቱ ከሌለ ሰው ወደ ኋላ ርቆ ከወገቡ ይጎብጣል። ለአንድ ድስት ሽንኩርት ላይታወቅ ይችላል። ለድግስ ሽንኩርት ግን ወገብ ይናገራል።

ወረታና ፎገራ ላይ ይኸው ክፍተት ሌላም ሥራ አለው፤ ሣጥኑን ከእርጥብ ወለል ያርቃል። ሜዳው ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ወለልም አብሮት ይንቀሳቀሳል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲወጡ ምን እንደሚያደርጉ በ1998 እና በ2012 ዓ.ም. ክረምት የታየ ነው። የ10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ርብን ያቆማል የሚል የለም። ካቢኔትን የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የወንዝ ውኃ አይደለም፤ የየዕለቱ ውኃ ነው። ወለል ሲታጠብ የሚደፋው፣ ከጀሪካን ሥር የሚንጠባጠበው፣ ከላቫንዲኖ ቱቦ የሚያልበው። ችፑድና ኤምዲኤፍ የተቆረጠ ጠርዛቸው ውኃ ካገኘ ከታች ወደ ላይ ያብጣሉ፤ አንዴ ካበጡ ደርቀውም ወደ ቦታቸው አይመለሱም። ከዚያ የማጠፊያው ብሎን ይላላል፣ በሩ ይዘምማል፣ ሰውም «እንጨቱ መጥፎ ነው» ይላል። እንጨቱ ምን ያድርግ፣ ውኃ ውስጥ ተተክሎ። ጎታን በድንጋይ ላይ የሚያስቀምጡ እናቶች ይህን ያውቁታል፤ እህል መሬት ሲነካ ይነቅዛል፣ ይሻግታል።

ክፍተቱ በሁለት መንገድ ይሠራል። በአሜሪካኖቹ ልማድ የካቢኔቱ የጎን ጣውላ ራሱ እስከ ወለል ይወርድና የታችኛው ጥጉ ይቆረጣል። በአውሮፓውያኑ ደግሞ ሣጥኑ ለብቻው ተሠርቶ በእግር ላይ ይቀመጣል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ጣውላው ውኃ አይነካም፣ ሂሳቡም ይረዳል። አንድ ችፑድ 244 በ122 ሳንቲ ሜትር ነው። ለሁለት ሲሰነጠቅ መጋዙ የሚበላው ተቀንሶ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ረጃጅም ቁራጮች ይወጣሉ፤ የታችኛው ካቢኔት ጥልቀት 60 መሆኑ ለዚህም ያመቻል። የጎን ጣውላው እስከ ወለል ወርዶ 82 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከአንዱ ቁራጭ ሁለት ብቻ ይገኛል፤ ሦስት ጊዜ 82 ማለት 246 ነውና ለጥቂት ያመልጣል። 72 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በእግር ከቆመ ግን ሦስት ይወጣል። ከአንድ ችፑድ አራት ጎን ወይስ ስድስት ጎን፣ ልዩነቱ ይህ ነው።

እግሩ እየተጠመዘዘ ከፍ ዝቅ የሚል ፕላስቲክ ከሆነ ዋልካው ወለሉን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ማስተካከል ይቻላል። ጉዳቱ አይጥ ነው። ሩዝ በኩንታል በሚገባበት ቤት ከካቢኔት ሥር የተከለለ ጨለማ ቦታ መተው ለአይጥ ቤት መሥራት ነው። እህሉ ከወጥ ቤቱ አጠገብ የሚቀመጥ ከሆነ በእግር ፋንታ ከበሩ መስመር 7 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ የቀረ የ10 ሳንቲ ሜትር የሲሚንቶ መሠረት ይፍሰስ፣ ፊቱም ሴራሚክ ይልበስ። ሣጥኑ በዚያ ላይ ያርፋል።

ከፍታው ከዚህ ይደመራል፦ 10 የእግር ማስገቢያ፣ 72 ሣጥን፣ 3 ግራናይት፤ ድምሩ 85። የአሜሪካ ካታሎግ 91 ይላል። ማንን ልስማ ለሚል ሰው፣ ካታሎጉን ትቶ ወጥ ቤቱ ውስጥ የምትውለውን ሴት መለካት ነው። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ትቁም፣ ክንዷን ትጠፍ፤ ከክርኗ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ልኳ ነው። ረጅም ከሆነች የእግር ማስገቢያውን 15 ማድረግ ይበቃል፤ ሣጥኑ አይነካም። የላይኛው ካቢኔት ጥልቀቱ ከ30 እስከ 35 ይሁን፣ ከግራናይቱም 50 ያህል ይራቅ።

ስለ በር ስልት ብዙ አልልም። መካከሉ ጎድጎድ ብሎ ዙሪያው ክፈፍ ያለው፣ ሼከር የሚባለው በር ፎቶ ላይ ያምራል፤ ክፈፉ ግን የዘይት ጭጋግና የበርበሬ ብናኝ ይይዛል። ቁሌት በየቀኑ በሚሠራበት ቤት ልሙጥ በር በአንድ ጨርቅ ይጸዳል።

ምጣዱ ግን የራሱ ቦታ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ ብቻውን ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ በተለመደው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጠርዝ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ከፍታውም አይሆንም፤ ሊጥ ከላይ እየዞረ የሚፈስ ስለሆነ ክንድ ከምጣዱ በላይ መዋል አለበት፤ 85 ላይ የተቀመጠ ምጣድ ትከሻ ይሰቅላል። እንጀራው ጤፍና ሩዝ ተደባልቆ በሚጋገርበት በፎገራ ቤት ለምጣዱ 75 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ከፍታው ከ65 እስከ 70 የሆነ ዝቅ ያለ መደብ ለብቻው ቢሠራ ይሻላል። ከሥሩም ሣጥን አይግባ። ጋጋሪዋ በርጩማ ስባ ስትቀመጥ እግሯን እስከ ጉልበቷ ታስገባበታለች፤ አክንባሎውም ቆሞ የሚደገፍበት ጎን ያገኛል።