ከጦር ሜዳ እስከ ተራራ ጉዞ፦ የተንቀሳቃሽ ውሃ ማጣሪያ ታሪክና ትርጉሙ



የዛሬው ንግግሬ ርእሰ ጉዳይ በአንድ እጅ የሚያዝ ዕቃ ነው፤ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ ተጓዥ በጀርባ ቦርሳው ጎን የሚሰካው፣ ከምንጭ ወይም ከወንዝ የቀዳውን ውሃ አሳልፎ የሚጠጣበት ትንሽ የውሃ ማጣሪያ። የታሪክ ትምህርት ክፍል ስለዚህ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ተንቀሳቃሽ ማጣሪያ ለሽርሽር የተፈጠረ ዕቃ አይደለም። ወረርሽኝና ጦርነት የወለዱት ነው፤ በየዘመኑም «ንጹሕ ውሃ የሚገባው ለማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ተሸክሞ ዘልቋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውሃን ማጥለል እጅግ የቆየ ጥበብ ነው። በሱዳን በአባይ ዳር የሚኖሩ ሴቶች የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ፈጭተው በድፍርስ ውሃ ውስጥ በመጨመር ደለሉን ያዘቅጡ ነበር። ሆኖም የጥንቱ ጥበብ ሁሉ ዳኛው ዓይን ነበር። በቋንቋችን «ጥሩ» የሚለው ቃል «ጠራ» ከሚለው ግሥ መውጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጠራው ጥሩ ነው። ይህን እምነት ያፈረሰው አሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት ነው። በ1854 ጆን ስኖው በለንደን ብሮድ ስትሪት የተነሣውን ኮሌራ ሲመረምር ምንጩ አንድ የውሃ ፓምፕ መሆኑን አሳየ። ያ ውሃ በጣዕሙ የተመሰገነ ስለነበረ ከሩቅ ሰፈር ድረስ እየተላከ የሚያስቀዱ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ዓይንና ምላስ የውሃ ዳኝነታቸውን አጡ።

ዳኝነቱን የተረከበው የቤተ ሙከራ መሣሪያ ነው። የፓስተር ባልደረባ ሻርል ሻምበርላንድ በ1884 ገጹ ቅብ ከሌለው ፖርሴሊን የተሠራ ማጣሪያ አቀረበ፤ ቀዳዳዎቹ ባክቴሪያን ያስቀሩ ነበር። በ1891 ደግሞ ጀርመናዊው ቪልሄልም በርከፌልድ ከጥቃቅን አልጌዎች ቅሪት ከተከማቸ ቀላል አፈር ውሃ ይበልጥ በፍጥነት የሚያሳልፍ ማጣሪያ ሠራ። በማግሥቱ ዓመት ሐምቡርግ በኮሌራ ተመታች፤ ከ8,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከተማዋ የኤልበን ወንዝ ውሃ ሳታጣራ ለነዋሪዎቿ ታከፋፍል ነበር። ከእርሷ ጋር የተያያዘችው፣ በወንዙ ቁልቁል በኩል የምትገኘውና ይበልጥ የቆሸሸ ውሃ የምትቀዳው አልቶና ግን በአሸዋ እያጣራች ታድል ስለነበረ ከጥፋቱ በአብዛኛው ዳነች። በዚያ ወቅት አቅም ያለው የሐምቡርግ ሰው ማጣሪያ ገዝቶ ቤቱ ሊያስገባ ይችል ነበር፤ የአልቶና ድኻ ግን ምንም ሳይገዛ ዳነ። ይህን ልዩነት በልባችሁ ያዙልኝ።

ማጣሪያው ከቤት ወጥቶ መንገድ የጀመረው ከሠራዊት ጋር ነው። ከ1899 እስከ 1902 በተካሄደው የቦዌር ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ማጣሪያዎች ይዞ ዘምቷል። ይሁን እንጂ በየካቲት 1900 በፓርድበርግ ወታደሮቹ የሞቱ ከብቶች ከላይ ከሚንሳፈፉበት ከሞደር ወንዝ ጠጡ። ከዚያም ብሉምፎንቴይን ሲገቡ የአንጀት ተስቦ ረፈረፋቸው። በጦርነቱ በሙሉ ከ57,000 በላይ ወታደሮች በዚህ በሽታ ታመው 8,000 ያህሉ ሞቱ፤ በበሽታ የሞተው በጥይት ከሞተው ይበልጥ ነበር። ጭቃማ ውሃ ማጣሪያን ቶሎ ይደፍናል፤ የተጠማ ወታደርም እስኪንጠባጠብ አይጠብቅም። መሣሪያ መኖሩ ብቻ ሰውን አያድንም፤ ጊዜ፣ ሥርዓትና ዕውቀት ይሻል። በዚያው ጦርነት በማጎሪያ ካምፖች የታጎሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቦዌሮችና ጥቁር አፍሪካውያን፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ በበሽታ አለቁ።

የማጣሪያው ድክመት ደግሞ ለሳይንስ በረከት ሆነ። በ1892 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትንባሆ ቅጠል ጭማቂን በሻምበርላንድ ማጣሪያ አሳልፎ ሲሞክረው ጭማቂው አሁንም በሽታ ያስተላልፍ ነበር። በ1898 ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ ያለፈው ነገር ከባክቴሪያ የተለየ መሆኑን አስረዳ፤ «ቫይረስ» የምንለው ዕውቀት ከዚህ ተጀመረ። ማጣሪያው ሊይዘው ባልቻለው ነገር አዲስ ዓለም ገለጠልን።

ይህ ትምህርት ዛሬም ይሠራል። አሁን ተጓዦች የሚይዙት ማጣሪያ በአብዛኛው በውስጡ ክፍት በሆኑ ቀጫጭን የፕላስቲክ ክሮች የተሞላ ነው፤ ክሮቹም ለኩላሊት እጥበት ከዋለው ቴክኖሎጂ ጋር ዝምድና አላቸው። 0.1 ወይም 0.2 ማይክሮን የሆኑት ቀዳዳዎች ባክቴሪያንና እንደ ጃርዲያ ያሉትን ተውሳኮች ያስቀራሉ፤ አብዛኞቹ ቫይረሶች ግን ያልፋሉ። የተሟሟ ኬሚካልም አይያዝም። ከዚህም ሌላ፣ ውሃ የነካው ማጣሪያ በተራራ ብርድ ከረጋ ክሮቹ ይሰነጠቃሉ፤ ስንጥቁ በዓይን አይታይም። ስለዚህ በሰሜን ተራሮች የሚያድር ሰው ማጣሪያውን ከብርድ ልብሱ ሥር ያስገባዋል። የሚጠራጠርም ያፈላል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ለሦስት ደቂቃ ማፍላት ይመከራል።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። የጊኒ ዎርም በሽታ ክትባትም ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም፤ እጩ በኩሬ ውሃ በሚኖሩ ደቃቅ ፍጥረታት ውስጥ ሆኖ ይጠጣል። እነዚህን ፍጥረታት ግን ወንፊቱ የደቀቀ ጨርቅ ያስቀራቸዋል። ስለዚህ አፉ ላይ ወንፊት የተገጠመለት፣ በአንገት የሚንጠለጠል መምጠጫ ቱቦ ተሠርቶ በመንገድና በእርሻ ለሚውሉ ሰዎች በነጻ ታደለ። በ1986 በዓለም 3.5 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የሕሙማን ቁጥር ከ2021 እስከ 2024 በየዓመቱ ከ20 በታች ሆኗል። በኢትዮጵያ የበሽታው የመጨረሻ ምሽግ ጋምቤላ ነው፤ በዚያ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ መገኘቱ ጥንቃቄው እንዲቀጥል አስገድዷል። «ላይፍስትሮው» በሚል ስም በ2005 የወጣው መምጠጫ ቱቦ የተወለደው ከዚህ የዘላንና የገበሬ ቱቦ ነው። በኋላ ግን በሀብታም አገሮች የተራራ ተጓዥ ዕቃ ሆኖ ተሸጠ። የዕቃው ጉዞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ለድኻ የተሠራው ለባለ ገንዘብ ምቾት ሆነ።

በዚህ ምክንያት ለመስክ ሥራ ለምትወጡ ተማሪዎች ማጣሪያ አትያዙ ልል አልችልም፤ ያዙ። ነገር ግን ከወንዙ ዳር ተንበርክካችሁ ስታጣሩ፣ አጠገባችሁ ያው ውሃ በእፍኙ የሚጠጣ መንገድ መሪ፣ በቅሎ ነጂና እረኛ አለ። «እነርሱ ለምደውታል» የሚለውን ቃል ደጋግመን እንሰማለን። ሰው አንዳንድ ተሕዋስያንን ከልጅነቱ ጀምሮ ሊቋቋም ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ የቀሩት ሕፃናት «ለመዱ» አይባሉም። ልማድ የምንለው የተረፉትን ብቻ ቆጥረን ነው።

የግል ማጣሪያ ተጓዡን ከወንዙ ያሻግረዋል፤ ወንዙን ግን አይለውጠውም። ሐምቡርግና አልቶና አንድ ወንዝ ጠጥተው የተለያየ ዕጣ የደረሳቸው አንደኛዋ ማጣራትን የእያንዳንዱ ቤት ጣጣ፣ ሌላይቱ ደግሞ የከተማ ግዴታ ስላደረገችው ነው። የዚህ ትንሽ ዕቃ ታሪክ ለተመራማሪው የሚተውለት ጥያቄም ይኸው ነው፦ ከየትኛው ከተማ ወገን ነን?