ስለ ኤርፉርት ያልነገርኳችሁ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዕዳ ስላለብኝ ነው።

ስለ መካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሳስተምራችሁ "ጥቁር ሞት ከአውሮፓ ሕዝብ ሲሶውን ያህል ጨረሰ" ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አለፍኩ። ፈተና ላይም ያንኑ ጠየቅኳችሁ። አይጥ፣ ቁንጫ፣ መርከብ፤ አለቀ። የዘለልኩትን አሁን በአንዲት ከተማ በኩል ልንገራችሁ።

ከተማዋ ኤርፉርት ትባላለች፤ መካከለኛው ጀርመን፣ ቱሪንጊያ ውስጥ ነው ያለችው። እኔ ስሟን መጀመሪያ ያገኘሁት በኢዮብ ሉዶልፍ በኩል ነው። የአባ ጎርጎርዮስ ወዳጅ የነበረው፣ የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስው የጻፈው ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1624 የተወለደው እዚያ ነው። ሄጄ አላየኋትም፤ ግን ስለ እሱ ሳነብ ስለ ከተማዋ ማንበብ ጀመርኩና በዚያው ቀረሁ።

ፎቶዋን ፈልጋችሁ እዩ፤ ታምራለች። እ.ኤ.አ. በ1325 በድንጋይ የተሠራ የነጋዴዎች ድልድይ አላት። ግራና ቀኙ ላይ ቤት ስለተሠራበት ስትሄዱበት ድልድይ ላይ መሆናችሁ አይታወቃችሁም፤ ዛሬም 32 ቤቶች አሉበት፣ ሰው ይኖርባቸዋል። ኮረብታው ላይ ካቴድራሉ አለ፤ በ1497 የተቀለጠው ደወሉ ከ11 ቶን በላይ ይመዝናል። ማርቲን ሉተር በ1505 የመነኮሰበት ገዳምም እዚያው ነው።

ከድልድዩ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ከግቢ ጀርባ የተሸሸገ አንድ የድንጋይ ቤት አለ። የአይሁድ ምኩራብ ነው። ጥንታዊው ክፍሉ 1094 አካባቢ የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልምጣ። ወረርሽኙ አውሮፓን ሲያምስ "ጉድጓድ ውኃው ላይ መርዝ የጨመሩት አይሁዶች ናቸው" የሚል ወሬ ከከተማ ከተማ ይነዛ ጀመር። ኤርፉርት የደረሰው በሽታው ከመድረሱ በፊት ነው። ማርች 21 ቀን 1349 የከተማው ሰው ተነስቶ አይሁድ ጎረቤቶቹን ጨፈጨፈ። የሞቱት በመቶዎች ይቆጠራሉ። ነገሩ ወሬ ብቻም አልነበረም። በዚያ ዘመን ከአይሁድ አበዳሪ ገንዘብ የተበደረ ሰው ብዙ ነው፤ አበዳሪው ሲሞት ዕዳውም አብሮ ይቀበራል። ገባችሁ አይደል?

ምኩራቡን አንድ ነጋዴ ገዝቶ መጋዘን አደረገው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ደግሞ ምግብ ቤትና የዳንስ አዳራሽ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አይሁዶች ተመልሰው መጥተው ነበር፤ በ1450ዎቹ እነሱም ከከተማዋ ወጡ። የመቃብር ድንጋዮቻቸው ሳይቀሩ ተነቅለው ቤት ተሠራባቸው። ቀስ በቀስ የዳንስ ቤቱ ምን እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ጠፋ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይገርማል። ኖቬምበር 1938 ናዚዎች በመላው ጀርመን ምኩራቦችን ሲያቃጥሉ በኤርፉርት የነበረውን ትልቁን ምኩራብ አቃጠሉት። ይህን ጥንታዊውን ግን አልነኩትም፤ ምኩራብ መሆኑን አያውቁም ነበራ! ከጀርመን ውህደት በኋላ ነው ግድግዳው በደንብ ተጠንቶ ማንነቱ የታወቀው። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ በ2023 ከሌሎች የከተማዋ የአይሁድ ቅርሶች ጋር በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

በ1998 ደግሞ ከምኩራቡ ብዙም ሳይርቅ ለግንባታ ሲቆፈር የተቀበረ ሀብት ተገኘ፦ 3,141 የብር ሳንቲሞች፣ 14 የብር ጡቦች፣ ከ700 በላይ ጌጣጌጥ። ከመካከላቸው አንድ የወርቅ የሠርግ ቀለበት አለ፤ ላዩ ላይ በዕብራይስጥ "መልካም ዕድል" ተብሎ ተቀርጿል። ባለቤቱ በ1349 የቀበረው ነገሩ ሲበርድ ተመልሶ ሊያወጣው እንደሆነ ይታመናል። አልተመለሰም።

ልጆች፣ "ቲቸር፣ ታሪክ ምን ያደርግልናል?" ብላችሁ ስትጠይቁኝ መልሴ ሁሌም አያረካችሁም ነበር። አሁንም ትልቅ መልስ የለኝም። ግን ያ ምኩራብ የተረፈው ስለተረሳ ነው፤ ሰዎቹ ግን ስለተረሱ አልተረፉም። ድልድዩን ብቻ አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚመለስ ሰው ከተማዋን ግማሽ ነው ያያት። እኔም ግማሹን ነው ያስተማርኳችሁ።

ዘንድሮ እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ "ሲሶው አለቀ" ከሚለው በታች አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፦ "በሽታው ሳይደርስ ወሬው ደረሰ።" ደብተራችሁ ካልጠፋ እናንተም ጨምሩበት። አስተማሪ የሆናችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ እንደ እኔ አትዝለሉት።